የደስታ ዘመን ተመለሰ

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ድረስ እየነዳሁ የምንከባከባቸው ፈረንጅ ሽማግሌ የጥንት ሮማውያንን የነሐስ ሳንቲም ይሰበስባሉ። ሳጥባቸውም፣ ሳበላቸውም ወሬያቸው እሱ ነው። ወርቁ ለሹም ነው፣ ነሐሱ ግን ዳቦ ገዢው እጅ ይገባል፤ ንጉሡ ለድሃ መናገር ሲፈልግ ነሐስ ላይ ያስቀርጻል ይሉኛል። እኔ ከሌላው ሥራዬ እግሬ አብጦ የመጣሁት፣ "ኦኬ፣ ኦኬ" እላለሁ።

ልጄ ግን ወሬውን ወደደችው። ለኮሌጅ ፕሬዘንቴሽኗ አንድ ሳንቲም ብለምንላት፣ መጀመሪያ የገዟትን፣ ከሁሉ የሚሳሱላትን አዋሱኝ። አረንጓዴ ዝገት የለበሰች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማትበልጥ። በአንድ ፊቷ ንጉሡ አለ፤ በሌላው ወታደር የወደቀ ፈረሰኛ ሲወጋ፣ ዙሪያውን "የደስታ ዘመን ተመለሰ" የሚል ጽሑፍ። በዚያው ዘመን አገሩ በጦርነትና በኑሮ ውድነት ይታመስ ነበር አሉ። ዓይን አውጣ ንጉሥ!

ልጄ ጨርሳ ስትመጣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ጠዋት ስነሳ እናቴ በሎሚና በጨው ፈትጋ አብለጭልጫታለች።

"የተዋሱት ዕቃ ቆሽሾ ይመለሳል እንዴ? ምን ይሉናል?" አለችኝ፣ ኮርታ።

ንጉሡም፣ ፈረሰኛውም፣ ጽሑፉም ከዝገቱ ጋር ሄደዋል። ልጄ አለቀሰች። እኔ ሥራዬ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ፤ በዚህ አገር እንደ ሰው የሚያዩኝ አሠሪ እሳቸው ብቻ ናቸው። እናቴን ምን ልበላት? ለኔው ክብር ብላ ነው።

የቤልትዌይን አውራ ጎዳና ሙሉ እየጸለይኩ ነዳሁ። ሽማግሌው ሳንቲሟን መስኮቱ ጋ ይዘው አገላብጠው አዩዋት።

"እናቴ ናት። በኛ ዘንድ የተዋሱትን ሳያጸዱ መመለስ ነውር ነው" አልኳቸው።

ወደ ሳጥኗ መለሷት። ያን ቀን ስለ ንጉሥ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ጃኬቴን ስለብስ ግን፣ "ነገ ትመጫለሽ አይደል?" አሉኝ። እፎይ! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ምን አሉ?"

"እጇ ይባረክ አሉ። በጣም ነው ደስ ያላቸው።"

ፊቷ በራ። "ሌላም ካላቸው አምጪልኝ፣ አጸዳላቸዋለሁ።"

ልጄ ከሶፋው ቀና ሳትል በእንግሊዝኛ፣ "ማም፣ አንቺም እንደ ንጉሡ ሆንሽ" አለችኝ።

"ምን አለች?" አለች እናቴ።

"ደስ ብሏታል" አልኳትና ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።