ሰማንያውን ቀን ያልጠበቀ በሽታ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሲስተር አበባ ያስያዘችኝ ጥጥ ነው። መርሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የሕፃናት መመርመሪያ ክፍል ውስጥ ነበርን። እኔ አዲስ ክሊኒካል ነርስ ነኝ፤ እሷ ክፍሉን የምትመራ። ጋውኔን ተኩሼ፣ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ።

«እሱን አውልቂና ጥጡን ያዢ» አለችኝ። «መጀመሪያ ቅቤውን ጥረጊ።»

የእኛ አገር እናት ሕፃን ይዛ ስትወጣ አናቱ ላይ ቅቤ ታደርጋለች። ቅቤው የሚቀመጠው እርግብግቢቱ ላይ ነው፤ አጥንቱ ገና ያልገጠመበት ለስላሳ ቦታ። ማጅራት ገትር ሕፃን ሲይዝ ምልክቱን ከሚያሳይባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ትልቅ ሰው አንገቴ ደረቀ ብሎ ይናገራል። የሁለት ወር ልጅ አንገቱ ላይደርቅም ይችላል።

«ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው» አለች ሲስተር አበባ። «ሲያለቅስ አትንኪው። ሲያለቅስ የማንም ልጅ አናቱ ይወጠራል። ጡት ይያዝ፣ ዝም ይበል፣ ከዚያ በሁለት ጣት ዳስሺ።»

ዳሰስኩ።

«ምን ይመስላል?»

«ለስላሳ ነው። ሜዳ ነው።»

«እሱን አትርሺ። ጤነኛውን ያላወቀ ጣት በሽተኛውን አያውቅም።»

ሲስተር አበባ ጡረታ ስትወጣ ክፍሉ ለእኔ ቀረ። ከእሷ በኋላ ከእናቶች የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ጤነኛ ልጅ ሲታቀፍ ዝም ይላል። ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ሲታቀፍ ብሶበት ይጮኻል። አንዲት እናት «ትኩሳት አለው፣ ባቀፍኩት ቁጥር ይብስበታል» ካለችኝ የያዝኩትን ጥዬ እነሳለሁ።

ይህን በሽታ ከሚያመጡት ጀርሞች ዋና ዋናዎቹን የሚከላከሉት ክትባቶች ለሕፃናት መሰጠት ሲጀምሩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። የመጀመሪያው የሚሰጠው በአርባ አምስት ቀን ነው። የሙስሊም እናቶች አርባቸው ሲወጣ ወንዱንም ሴቷንም ይዘው ይመጣሉ። የክርስቲያን ወንድ ልጅም በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣና ይመጣል። የክርስቲያን ሴት ልጅ ግን ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ከቤት አትወጣም ይባላል።

እኔም ልጄን ክርስትና ያስነሣሁት በሰማንያ ቀኗ ነው። በአርባ አምስተኛው ቀን ግን በነጠላዬ ሸፍኜ አስከትቤያታለሁ።

ጉዳዩን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገርኩት።

«በጊዜያቸው የሚመጡት ሴቶች ልጆች የሙስሊሞቹ ብቻ ናቸው» አልኩት። «የክርስቲያኖቹ የት አሉ?»

«ይመጣሉ።»

«መቼ?»

«ክርስትና ሲነሡ ነዋ።»

«በሽታው ክርስትና እስኪነሡ ይጠብቃቸዋል?»

ሳቀ። «አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነሽ፤ ቀኑን አሳጥሩ በያቸው።»

ክትባቱን በማቀዝቀዣ ሣጥን ይዤ ቤታቸው ልሂድ አልኩት። «ለአንድ ልጅ ብልቃጥ አይከፈትም፤ ዘመቻ ሲመጣ እንወጣለን» አለኝ። የእነዚህ ክትባቶች ብልቃጥ ከተከፈተ በኋላም በብርዱ ተጠብቆ ለሌላ ልጅ እንደሚውል መመሪያው ይፈቅዳል። ያውቃል። መውጣቱን ግን አልፈለገም።

ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሴቶች ገቡ። ደብሪቱ የምትባል አራስ፣ አማቷ እማማ የሺ፣ ጎረቤታቸው ዘሀራ። ሕፃኗን ያዘለችው ዘሀራ ነበረች። ደብሪቱ ጉልበት አልነበራትም።

«ምች ነው» አሉ እማማ የሺ። «ዳማከሴ አሽተናታል።»

«ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ገዝተን ጀምረንላታል» አለች ደብሪቱ። «አንድ ቀን ቀለል ብሏት ነበር። አሁን ጡት እንቢ አለች። ሳቅፋት ትጮኻለች።»

ተነሣሁ።

«ስሟ ማን ነው?»

«ገና ነው፤ ሁለት ወሯ ነው፣ ክርስትና አልተነሣችም።»

ቅቤውን ጠረግኩ። ቀጥ አድርጌ ይዤ ዝም እስክትል ጠበቅኩ። ዳሰስኩ። ሜዳ አልነበረም። ተወጥሮ ወደ ላይ ወጥቷል።

«ተከትባለች?»

ደብሪቱ አማቷን አየች። የመለሰችው ዘሀራ ናት። «የእኔዋን ሳስከትብ እሷንም አብሬ ልውሰዳት አልኳቸው። ወላሂ ለምኛቸዋለሁ!»

«ያልተጠመቀች ልጅ ሜዳ አትወጣም!» አሉ እማማ የሺ። «አየር ይመታታል፣ ዓይን ያያታል። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

እጄ ሥራ ነበረበት። ደም ሥር ፈልጌ የመድኃኒት ማስገቢያውን ካኑላ አስገባሁ፤ የመጀመሪያውን የሴፍትሪያክሶን መርፌ ሰጠሁ። አምቡላንስ ጠራሁ። ማጅራት ገትር መሆኑን እንደምጠረጥር፣ ወልድያ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባት፣ ልትሞትም እንደምትችል ነገርኳቸው።

እማማ የሺ ብድግ አሉ። «እንግዲያማ ቤተ ክርስቲያን አድርሱልኝ! ሳትጠመቅ አትሞትብኝም!» ብለው ልጅቱን ሊያነሷት እጃቸውን ዘረጉ።

ያን ጊዜ ጮኽኩ። «እማማ፣ ለሞቷ ጊዜ ሜዳ የምትወጣ ልጅ ለክትባት መውጣት እንዴት ተከለከለች?»

ዘሀራ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች።

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ጥምቀቱን ግን አልከለከልኳቸውም። እኔም እናት ነኝ፤ ያልተጠመቀ ልጅ ማጣት ምን እንደሆነ ይገባኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ከጤና ጣቢያው ጋር አጥር ለአጥር ነው። ዘበኛው ሮጦ አባ ገብረ ሥላሴን ጠራቸው። «አባ፣ መኪናው እስኪመጣ ብቻ ነው» አልኳቸው። ካኑላው ያለበትን እጇን ውኃ እንዳይነካው በጓንት ጠቀለልኩት። ውኃውን ለብ አደረግነው። ክርስትና እናት ማን ትሁን ሲባል ከእኔ ሌላ የምትሆን ሴት አልነበረችም። ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ።

አባ መስቀላቸውን ሲያሳልሙኝ ጠየቅኳቸው።

«ሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ጤና ጣቢያ መምጣቷ ክልክል ነው?»

«ማን አለ?» አሉ ደንግጠው። «ሰማንያ ቀን ወደ ቤተ መቅደስ የምትገባበት ቀን ነው እንጂ ወደ ሐኪም የምትሄድበት ቀን አይደለም።»

«ታዲያ ለሕዝቡ ለምን አይነግሩም?»

«የጠየቀኝ የለም፣ ልጄ።»

ከሰማሁት ሁሉ ያን ያህል ያንገበገበኝ የለም። የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ልጆቹን ቤት የዘጋባቸው የሁላችን ዝምታ ነው።

አምቡላንሱ ሲደርስ እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ሲሪንቃ ከተማን እንዳለፍን አንቀጠቀጣት። ወልድያ ስንደርስ ሐኪሙ የጀርባ ውኃ ይወሰድ አለ።

ደብሪቱ እጄን ያዘች። «የጀርባ ውኃ የተወሰደ ልጅ አይሄድም ይላሉ፣ እትዬ።»

«እግር የሚያሽመደምደው በሽታው ነው» አላት ሐኪሙ። «መርፌው የሚገባው ከነርቩ ግንድ በታች ነው። ካላየሁት ግን በጨለማ ነው የማክማት።»

«አንቺ ያዥልኝ» አለችኝ ደብሪቱ። ሕፃኗን እጥፍ አድርጌ ያዝኩ። ጤነኛው ውኃ እንደ ምንጭ የጠራ ነው። የወጣው የሩዝ እጣቢ ይመስል ነበር። ደብሪቱ ጠርሙሷን አየችና ፊቷን አዞረች። ላቦራቶሪው መግል እንዳለ አገኘ፤ የትኛው ጀርም እንደሆነ ግን መለየት አልቻለም።

«ያ የፀረ ጀርም ሽሮፕ ይሆናል» አለኝ ሐኪሙ። «በሽታውን አልገደለውም፤ ማንነቱን ደበቀብን።»

ያ መድኃኒት ቤት አሁንም ሕፃኑን ሳያይ ሽሮፕ ይሸጣል። ባለፍኩ ቁጥር እነግረዋለሁ። «እናቶቹ ናቸው የሚጠይቁኝ» ይለኛል።

ወለተ ማርያም ዳነች። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህን ቃል አቅልዬ አልጽፈውም። ክትባቱን በጊዜው ብታገኝ አትታመምም ነበር ብዬ አልምልም። አንዱ ክትባት ብቻውን ሙሉ ጋሻ አይሆንም፤ ተከታዮቹም አሉ። ግን ጋሻውን ከልክለን ጦሩን እንድትጠብቅ አድርገናታል።

በተመለስኩ በመጀመሪያው እሑድ አባ ገብረ ሥላሴ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ቁጭ አድርገው ተናገሩ። «ልጃችሁን ለሰማንያ ቀን አቆይታችሁ ለመቃብር አታምጡልኝ» አሉ። እማማ የሺ ከፊት ተቀምጠው ነበር። አንገታቸውን አላቀኑም።

ሰኞ ሣጥኑን በረዶ ሞልቼ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«የሴት ልጅ አራስ ወዳለችበት።»

«ዘመቻ አልታወጀም እኮ።»

«ወለተ ማርያምን ሲያንቀጠቅጣትም አልታወጀም ነበር።»

ሣጥኑን አንሥቼ ወጣሁ። አልተከተለኝም፤ አልከለከለኝምም። ከዚያ ወዲህ ሴት ልጅ ስትወለድ የሚነግሩኝ ዘሀራና እማማ የሺ ናቸው። እማማ የሺ በር ላይ ቆመው አራሷን «አውጫት፣ ትከተብ፤ እኔን እዪ» ይሏታል። ሌላ አይጨምሩም።

አሁን ወለተ ማርያም ትሮጣለች። ትስቃለች። እሑድ እሑድ በራችን ላይ ከዘሀራ ልጅ ጋር ትጫወታለች። ዳቦ ቆርሼ በክርስትና ስሟ እጠራታለሁ። አትዞርም። በሽታው ጆሮዋን ይዞት ሄዷል። የዘሀራ ልጅ ትከሻዋን ነካ ታደርጋትና ወደ እኔ ታሳያታለች።

ለባልደረቦቼ የምለው ይኸው ነው። ቅቤውን ጥረጉ፤ ልጁ ዝም ሲል ዳስሱ። ልጅ ወደ ክትባቱ መምጣት ካልቻለች ክትባቱን ይዛችሁ ወደ እሷ ሂዱ።