የእማማ በላይነሽ የላምባ ዕቃ

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ኦክላንድ በምሠራበት ነዳጅ ማደያ፣ ወፍራም ሹራብ የደረቡ እናት ባዶ የዘይት ጠርሙስ ይዘው ገቡ...

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። ያኔ ሐበሻ ካየህ መንገድ ተሻግረህ ሰላም ትላለህ። እኔ አጠገቡ ባለችው ከተማ፣ ሳን ሊያንድሮ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበር የምኖረው። አማርኛ ሳልናገር ሳምንቱ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።

እማማ በላይነሽ ይባላሉ። ላምባ ፈልገው ነው። ልጃቸው በቅርቡ አስመጥቷቸው ከማደያው ጀርባ ካለው ሕንጻ ይኖራሉ። እሱ ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ቤት የሚገባው ለመተኛት ብቻ ነው።

ችግሩ ጠርሙሱ ነው። ነዳጅ የሚቀዳው ክዳኑ በደንብ በሚገጥም፣ በሕግ በተፈቀደ ዕቃ ብቻ መሆኑ ግድግዳችን ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ተቆጣጣሪ ድንገት ብቅ ይላል፤ አለቃዬም አይምርም። ይሄን ሁሉ አስረዳኋቸው። እሳቸው ግን ቆመው ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አገሩ ብርድ፣ በስልክ ብቻ ስለሚያውቋት የልጅ ልጃቸው አጫውተውኝ ሄዱ።

በማግስቱ የወተት ጋሎን ይዘው መጡ። አይሆንም አልኳቸው። ቀጥሎ የማር ብልቃጥ... ሕግ የሚባል ነገር የማይገባቸው ሴትዮ ናቸው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ግን ከሰዓት ሲሆን ዓይኔ ከበሩ አይነቀልም ነበር።

በመጨረሻ አሳዘኑኝ። ሕጉ የሚፈቅደውን ሰማያዊ ጀሪካን ራሴ ገዝቼ፣ ላምባ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ደስ ይላቸዋል ስል ፊታቸው ጥቁር አለ።

«እንግዲህ ጉዳያችን አለቀ በለኛ፣ ልጄ።»

መርቀውኝ ወጡ... ከዚያ ወዲያ ድርሽ አላሉም። ከሰዓቱ አልገፋ አለኝ።

ሰንበት ብሎ ልጃቸው ጀሪካኑን ይዞ መጣ። ላምባው ጠብታ አልተነካም።

«ወንድሜ፣ ይሄን መልሶ ሪተርን ማድረግ ይቻላል? ቤታችን ስቶቩም ሂተሩም ኤሌክትሪክ ነው። የሕንጻው ማናጀር ይሄን ካየ ከቤቱ ያስወጣናል።»

እናትህስ ደህና ናቸው ወይ አልኩት። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው እንደሚውሉ ነገረኝ። ታዲያ ለምን ወጣ ወጣ አይሉም ብዬ ስጠይቀው...

«እሷ እኮ ያለ ጉዳይ ሰው ዘንድ አትሄድም። ነውር ነው ትላለች» አለኝ።

ለካስ ያ ሁሉ ጠርሙስና ብልቃጥ ለመምጫ ሰበብ ነበር። እኔ ደግሞ ደግ ሠራሁ ብዬ ሰበቡን ነጠቅኳቸው። እሳቸውንም አጣሁ።

ጀሪካኑን ተቀበልኩትና ኮስተር አልኩ።

«ስለ ክዳኑ አዲስ ሕግ ወጥቷል በላቸው። ራሳቸው መጥተው ካላዩት አይሆንም።»

በማግስቱ ከሰዓት መጡ። ደግሞ ምን የሚሉት ሕግ ነው እያሉ አጉረመረሙ፤ ፊታቸው ግን በርቷል። ወንበር ሳብኩላቸው።

መንግሥት ስንቱን ሕግ ያወጣል... እኔ በዕድሜዬ ያወጣሁት አንድ ሕግ ግን ሰው አምጥቶልኛል።