መደገፊያ ዱላ ብዬ የጻፍኩት

ሙዚየሙ አራት ክፍል ነበረው። ያኔ አዋሳ እንላት በነበረችው ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ የቆርቆሮ ክዳኑ በቀትር ፀሐይ የሚንጣጣ ረጅም ቤት ነው። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ነበር። ከተወረሰ በኋላ ወለሉን በሲሚንቶ ለስነው፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብተው ለባህል ጽሕፈት ቤቱ ሰጡት። ክረምት ሲገባ ግን የጆንያና የጀንፈል ቡና ሽታ ከግድግዳው እየወጣ እንግዶቹን ያስነጥሳቸው ነበር።

እኔ የመዝገብ ሠራተኛ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ መምህር የነበረው አባቴ ለሚያውቀው ሰው ነግሮ አስቀጠረኝ። እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚ፣ ዕቃ ሲገባ መዝጋቢ፣ መግለጫ ሲያስፈልግ ጸሐፊ እኔው ነኝ። ከየዕቃው ሥር በነጭ ካርቶን ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ሁሉ የእኔ እጅ ነው። በጽሕፈቴ እኮራ ነበር።

ለአብዮቱ በዓል ሙዚየሙ ተከፍቶ እንዲጠብቅ ትእዛዝ ሲመጣ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ስለዚህ ከሾፌሩ ጋር በላንድሮቨር እየዞርኩ ዕቃ እንድሰበስብ ተላክሁ። አሠራራችን ቀላል ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከፊት ይሄዳል፣ በየቤቱ ገብተን የቆየ ዕቃ እንጠይቃለን፣ ባለቤቱ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ቅጹ ላይ ያሳርፋል። እምቢ ያለ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆሞ ማን እምቢ ይላል?

አንዲት ሴትዮ ግን እምቢ አሉ። ከእንሰታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር ያገኘናቸው። አዋሳ ገበያ ቅቤ እየሸጡ የኖሩ ናቸውና አማርኛ ይችላሉ። የወተት ዕቃ ሰጡን፣ ትልቅ የሸክላ ገበታም ሰጡን። እኔ ዓይኔ ያረፈው ግን ምሰሶው ላይ ተደግፋ በቆመች፣ ቅቤ ጠጥታ በጠቆረች ቀጭን ዱላ ላይ ነበር።

“እሷ አትሆንም” አሉኝ። “ሲቆ ናት። እናቴ በሠርጌ ቀን በእጇ የሰጠችኝ ናት።”

ሲቆ ምን እንደሆነች ያን ጊዜ በወጉ አላውቅም ነበር። ሊቀመንበሩ ፊቱን አጠቆረ፤ ሊናገርም አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ እጃቸውን ያዝኩና “እኔም እኮ ልጅዎ ነኝ። ለበዓሉ ብቻ ነው፤ እንግዶች አይተው ሲመለሱ እኔው ራሴ አመጣልዎታለሁ” አልኳቸው።

እጃቸውን ከእጄ ሳያላቅቁ ቀና አሉ። “አንቺ ራስሽ?”

“እኔ ራሴ።”

ቅጹን በጉልበቴ ላይ ዘረጋሁላቸው። “በፈቃዴ ለሕዝብ ሙዚየም በስጦታ አበርክቻለሁ” ይላል። ስለ ውሰት የሚል ቃል የለበትም። ያን ቅጽ ለሕትመት በታይፕ የመታሁት እኔ ስለሆንኩ እያንዳንዱን ፊደል አውቀዋለሁ። ምን እንደሚል አልጠየቁኝም። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ይዤ ቅጹ ላይ ያሳረፍኩላቸውም እኔው ነኝ። ቀለሙን የሚጠርጉበት ሲያጡ በእንሰት ቅጠል አበሱት።

በዓሉ መጥቶ ሄደ። ሪፖርት ላይ ብዙ ዕቃ ሰብስባለች ተብዬ ተመሰገንኩ። ዱላዋን ስለ መመለስ ለማንም አላነሳሁም። መጀመሪያ “ሳምንት ይለፍ” አልኩ፣ ቀጥሎ “ዝናቡ ይቁም”፤ በኋላ ማሰቡንም ተውኩት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የበሩ ዘበኛ “አንቺን የሚፈልጉ ሴትዮ መጥተዋል” አለኝ። ወጥቼ ሳይ እሳቸው ናቸው። ከመናኸሪያው በእግራቸው መጥተው ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው ቆመዋል። የሰው ቤት ሊገቡ እንደሆነ ነው። “ጫማዎን ያድርጉ፣ ግድ የለም” ብላቸውም አላደረጉም። በተለሰነው ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግራቸው ገቡ።

ወዲያው የመጡበትን ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። አልጠየቁም። “ቤቱን አሳይኝ” አሉ። እኔም ፍርሃቴን ለማዘግየት ደስ ብሎኝ ከመጀመሪያው ክፍል ጀመርኩ።

እዚያ የእርሻና የእንሰት መሣሪያዎች ነበሩ። ለትምህርት ቤት ልጆች የምለውን በቃሌ እያነበነብኩ ስሄድ፣ እንሰት የሚፋቅበት ቀርከሃ ፊት ቆሙና ከት ብለው ሳቁ። “ይህን ማን ነው የሰቀለው? ስለቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል። እንዲህ የምትፍቅ ሴት እጇን ነው የምትፍቀው።” እኔም ሳቅሁ። የሰቀልኩት እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ክፍል ጋሻና ጦር ነበር። እዚያ ብዙም አልቆዩም። አንዱን ጋሻ ዳበስ አድርገው የማን እንደነበር ነገሩኝ። ሰውየውን ያውቁታል፣ በድርቅ ዘመን ከብቱ አልቆበት የሞተ ነው። ካርቶኔ ላይ ግን “የጥንት የጦር መሣሪያ” ብቻ ነው የሚለው።

ሦስተኛው “የአብዮቱ ፍሬዎች” የሚባለው ነበር፤ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በአንዱ ላይ ጎልማሶች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በመሠረተ ትምህርት ፊደል ሲቆጥሩ ይታያሉ። ወደ ፎቶው ተጠግተው “የእኔም ልጅ ተምራለች” አሉ። “ስሟን ትጽፋለች። እኔን ግን ዓይኔ እምቢ አለኝ።”  ያን ቅጽ ለልጃቸው አሳይተው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሰብኩ።

አራተኛው ክፍል የሴቶች ዕቃ ያለበት ነው። የወተት ዕቃቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የሸክላ ገበታቸውንም አዩ። ከዚያ የመስታወቱ ሳጥን ፊት ቆሙ። ዱላዋ ቀይ ጨርቅ ላይ ተጋድማለች። ቅቤዋ ደርቆ ነጣ ነጣ ብላለች።

“ጽሑፉ ምን ይላል?” አሉኝ።

አነበብኩላቸው። “የሴቶች መደገፊያ ዱላ።”

“መደገፊያ?” ወደ እኔ ዞሩ። “አንድ ቀን ተደግፌባት አላውቅም።”

ሲቆ ምን እንደሆነች ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ያገባች ሴት የክብሯ ምልክት ናት። አንዲት ሴት ስትበደል የአካባቢው ሴቶች ሁሉ ሲቋቸውን ይዘው ወጥተው በበደለኛው ደጅ ይቆማሉ። ሽማግሌ ገብቶ ካሣ ሳይፈረድ አይመለሱም፣ ሲቆ የያዘችን ሴትም ማንም ደፍሮ አይገፋም። ይህን በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ነገሩኝ። ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ። ልጃቸውን ባሏ ደብድቧት ክንዷን ሰብሯታል። ሴቶቹ ሐሙስ ሊወጡ ተማክረዋል።

“እኔ እናቷ ነኝ፤ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ለሐሙስ ብቻ ስጪኝ። ዓርብ መልሼ አመጣታለሁ። ብትፈልጊ ጣቴን እንደገና አደርግልሻለሁ” አሉና አውራ ጣታቸውን አቀኑልኝ።

የሳጥኑ ቁልፍ በሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር። ጣቶቼ ይዘውታል።

“ቁልፉ ኃላፊው ዘንድ ነው” አልኳቸው። “እሳቸው ደግሞ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደዋል።”

ኃላፊያችን ከግቢው ማዶ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በመስኮቱ በኩል ራሱን አየዋለሁ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ለሰው ስነግር በዘመኑ አሳብቤያለሁ። የሕዝብ ንብረት አጎደለ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ አይታወቅም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሌላም እውነት አለ። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊጎበኙን ይመጡ ነበር። ለሦስት ወር የሙዚየም ኮርስ ከእኛ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ይመረጣል ተብሎ ነበርና፣ ስሜ እንዲጻፍ እፈልግ ነበር። እንግዶቹ ባዶ ሳጥን እንዲያዩ አልፈለግሁም። አንዲትን እናት አንድ ቀን የከለከልኳት ለዚህ ነው።

አልተቆጡም። “ስብሰባ ከሆነ ምን ይደረጋል” አሉ። መስታወቱን በመዳፋቸው ነካ አድርገው፣ ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። እስከ መናኸሪያው ልሸኛቸው ሳስብ፣ በግቢው ሳልፍ ኃላፊው መስኮት ላይ ብቅ ቢል ውሸቴ ይታወቃል ብዬ ተመለስኩ። ከመስታወቱ ላይ የመዳፋቸውን ቅባት በጨርቅ ወለወልኩት፤ እንግዶች ይመጣሉና።

ኮርሱ ደረሰኝ። ስሜ በጸደቀ ሰሞን፣ ደስታው ይሁን ጸጸቱ እንጃ፣ ነገሩን ለኃላፊዬ ነገርኩት። ሲበዛ ካኪ ለባሽ፣ ስብሰባ ወዳድ ሰው ነበር፤ ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝና “ለአንድ ቀን ከሆነማ በፊርማ ትወስዳት ነበር። እኔ እዚህ እያለሁ ለምን አልጠየቅሽኝም?” አለኝ።

 ስፈራው የኖርኩት ሰው ይህን ያህል ቅርብና ይህን ያህል ቀላል ነበር።

በማግስቱ በእሱ ፊርማ ዱላዋን አውጥቼ በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሴትዮዋን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። ልጃቸውም ነበረች፤ ክንዷ ድኗል፣ ግን ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ወተት ቀዱልኝ። የሐሙሱን ነገር ጠየቅሁ።

የነገረችኝ ልጅቷ ናት። ሴቶቹ ወጡ፣ ሽማግሌዎች ገቡ፣ ባልየው በሬ እንዲያርድና ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደበት። እናቷ ግን ከፊት አልሄዱም። ባዶ እጃቸውን ስለነበሩ ከቅርብ ጊዜ ሙሽሮች ኋላ፣ ከልጃገረዶች ጋር ነው የሄዱት። የልጃቸውን በደል በሽማግሌ ፊት የተናገረችላቸው ጎረቤት ናት።

“ሲቆሽ የት አለች ሲሏት ምስጥ በላት አለቻቸው” አለች ልጅቷ።

“ምስጥ?” አልኩ ወደ እናትየው ዞሬ። “ለምን እውነቱን አልነገሯቸውም?”

“ለመንግሥት ሰጠሁ ልበል?” አሉ። “እናትሽ የሰጠችሽን ሰጠሽ ይሉኛል። አንዲት ልጅ አታላ ወሰደችብኝ ብል ደግሞ አንቺ በዚህ መንገድ ዳግመኛ ማለፍ አትችይም ነበር።”

ነጠላውን ፈትቼ ዱላዋን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሟት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሷት። ከዚያ መልሰው ነጠላው ላይ አኖሯት።

“ውሰጃት። ምስጥ በላት ብያለሁ። አሁን ይዤያት ብወጣ በልጄ ቀን ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቃሌን ማን ይሰማል?”

ለመንኳቸው። ልጅቷ ለሠርጓ እንደተሰጣት አድርጋ ትያዛት አልኩ። ልጅቷ ግን የራሷ ሲቆ አላት። አለቀስኩ። እንባዬን አይተው “ወተቱን ጠጪ” አሉኝ። ያን ወተት ጨርሼ ጠጣሁት።

ዱላዋን ወደ ሳጥኗ መለስኳት። ካርቶኑን ቀድጄ “ሲቆ፤ ያገባች ሴት የክብር ምልክት” ብዬ እንደገና ጻፍኩ። መዝገቡ ላይ “በስጦታ” የሚለውን ልሰርዘው ብዬ ኃላፊዬን ጠየቅሁ። “ጣቷ አለበት እኮ” አለኝ።

ኮርሱ አዲስ አበባ ነበር። በአንዱ ቀን አስተማሪያችን ከየክፍለ ሀገሩ የመጣነውን ሁሉ እያስነሳ፣ በእጃችን ከገቡት ቅርሶች አንዱን እንዴት እንዳገኘነው እንድንናገር ጠየቀን። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። ከሲቆዋ ይልቅ የእኚያኑ ሴትዮ የሸክላ ገበታ ታሪክ ነገርኳቸው፤ በደስታ እንደሰጡን፣ ስንወጣ እንደመረቁን። ክፍሉ አጨበጨበልኝ፤ እኔም አመስግኜ ተቀመጥኩ።