መጋረጃ የጋረድኩላት የወተት ማስታወቂያ

አባቴ ጣልያን ጥሎት የሄደውን አውቶቡስ ከሣርና ከዶሮ ኩስ መሀል አንስቶ ሲያድስ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር። ሞተሩን እሱ ያዘ፣ ውስጡን እኔ። ቁጭ ብሎ ጥልፍ መጥለፍ አይሆንልኝም፤ መፍቻ ይሻለኛል።

የግድግዳውን ጣውላ ስነቅል ከኋላው ብርድ እንዳያስገባ የተጠቀጠቀ ወረቀት አገኘሁ። ስዘረጋው የድሮ ማስታወቂያ ነው፤ አንዱ የጎማ፣ አንዱ የመጠጥ፣ ሦስተኛው የቆርቆሮ ወተት። የወተቱ ላይ ሰማያዊ ሻሽ ጣል ያደረገች ሴት ሕፃን ታቅፋ ፈገግ ብላለች።

«ለእሳት ማያያዣ ይሆናል» አለ አባቴ።

«እሳት ካማረህ ወንበሮቹን አንድድ!» አልኩት። ሳቀና ተወኝ።

ወረቀቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረካከሳል። በእርጥብ ጨርቅ እያለዘብኩ አቃናሁትና ጀርባውን በአቡጀዲ ደገፍኩት። ማጣበቂያውን ከስንዴ ዱቄት አፍልቼ፣ አይጥ እንዳይልሰው ሬት ጨመርኩበት። ሦስቱንም በመስኮቶቹ መሀል ሰቀልኳቸው። ጎማውና መጠጡ ጥላ ደረሳቸው፤ የወተቷን ሴት ግን ፀሐይ ፊት ለፊት አገኛት። በሁለት ሳምንት ሻሿ ሊነጣ ደረሰ። ከእናቴ አሮጌ ቀሚስ ቀይ መጋረጃ ሰፋሁላት። ቤተ ክርስቲያን ስሜ ያደግሁ ልጅ፣ ሥዕል በመጋረጃ ስጋርድ ምን እያደረግሁ እንደሆነ አለማሰቤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በማግስቱ ወደ ደባርቅ ስንሄድ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ ነፋስ መጋረጃውን ገለጠው። አንዲት የዳባት አሮጊት ብድግ ብለው፣

«እመቤቴ! እመቤቴ በማኪና!» ብለው እልል አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ሊሳለም ወደ አንድ ጎን ተጋፋ።

«ተቀመጡ! ገደል ልትከቱኝ ነው?» አባቴ ከመሪው ላይ ጮኸ።

«ማስታወቂያ ናት! ወተት ነው የምትሸጠው!» አልኩ እኔም።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!» አሉኝ አሮጊቷ።

ከዚያ ወዲህ የሚሳፈረው ሁሉ መጀመሪያ ለመጋረጃው እጅ ይነሣል። ወሬው የነፍስ አባታችን ጆሮ ደረሰ፤ ለማየት እንደሚመጡ ላኩብን። አባቴ ቁርጡን ነገረኝ፤ «አቃጥሏት ካሉ አቃጥላታለሁ።» ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የነፍስ አባታችን ጠዋት አባቴን አስከትለው የቆመው አውቶቡስ ውስጥ ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ በመጋረጃ ጋርደሽ ስታበቂ ሰው ተሳለመ ብለሽ ትቆጫለሽ?»

«ፀሐይ እንዳይበላት ብዬ ነው፣ አባ።»

መጋረጃውን ገልጠው አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ተጠጉ። «ይኼ ክንዷ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የእጅ ሰዓት።»

«ቆርቆሮውስ?»

«ወተት።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይቺማ ሰዓት የምታይ ነጋዴ ናት! ትኑር። ሰው ያሳሳተው መጋረጃው ነው፤ እሱ ይነሣ።»

ዘልዬ ልስማቸው ስል ነገሩ ገባኝ። «ያለ መጋረጃማ ለፋሲካም አትደርስ!» አልኩ።

ያቃጥላታል ብዬ የፈራሁት አባቴ ራሱን አከክ አከክ አደረገና ወደ ላይ አየ። «ከውስጥ ጣሪያው ላይስ? እዚያ ፀሐይ የት አባቱ ይደርሳል?»

ወንበር ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ማጣበቂያው ዓይኔ ውስጥ እየተንጠባጠበ፣ ጣሪያው ላይ ለጠፍኳት፤ ጠርዟንም በቀጭን ጣውላ ቸነከርኩት።

በሚቀጥለው ጉዞ እኚያው አሮጊት ተሳፈሩ። ባዶውን ግድግዳ አይተው ሊቆጡ ሲሉ ጣሪያው ላይ አገኟት። ለረጅም ጊዜ አንጋጠው ቆዩና፣

«እስቲ አንቺ የተማርሽው፣ ምን ትላለች?» አሉኝ።

«ወተት ጠጡ ነው የምትለው፣ እማማ።»

«ዛሬ ዓርብ መሆኑን ንገሪያት!» አሉና ነጠላቸውን አጣጥፈው ከማጅራታቸው ሥር ትራስ አድርገው፣ እስከ ዳባት ድረስ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ሳይነቅሉ ሄዱ።