የጋሽ ውሃ ልክ ዓይን

ጠመንጃ ጠጋኙን ሰው ሁሉ «ጋሽ ውሃ ልክ» ይለዋል። ግንበኞች ግድግዳቸው እንዳይዛባ የሚለኩባትን ውሃ ልክ ግን በእጁ ነክቷት አያውቅም። ጠመንጃውን በብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ያስራል፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ከላይ ያስቀምጣል፣ ግራ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ልክ!» ይላል፤ በቃ። ሙያ አለው፤ ሙገሳም አይጠላም።

ያቺ የተሞገሰች ቀኝ ዓይኑ ከከዳችው ግን ሰንብታለች። ቀጥ ያለው የበር መቃን መሃሉ ላይ ይጎብጥበታል። ሚስቱ ነቅታበት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም ይይህ» ብትለው፣ «ድካም ነው» ብሎ አፏን አስያዛት። በዚያችው ዓይን የገዛ ልጁን የጠመንጃ መነጽር አሰረላት።

ልጁ የረጅም ርቀት ኢላማ ተኳሽ ናት። ዛሬ ለብሔራዊ ቡድን ተኳሽ የሚመረጥበት ቀን ነው። ጠዋት ቅርብ ባለው የወረቀት ኢላማ ላይ መነጽሩን ስታስተካክል ጥይቶቹ በአንድ ቀዳዳ ገቡ ማለት ይቻላል፤ አባት ደረቱን ነፋ። ሩቁ የብረት ሰሌዳ ላይ ስትደርስ ግን ጉድ ፈላ። የመነጽሩን ማስተካከያ ለርቀቱ የሚበቃውን ያህል ከፍ አድርጋ ተኮሰች። ብረቱ ዝም አለ። አቧራው የተነሳው በስተቀኝ ነው። ደገመች፤ አሁንም በስተቀኝ። የነፋስ ማሳያው ጨርቅ ንቅንቅ አላለም።

«ቃታውን እየመነጨቅሽው ነው» አለ አሰልጣኙ። «ከምሳ በኋላ አንድ ዙር አለሽ። ያኔም ከሳትሽ ጓዝሽን ሸክፊ።»

አባትየው ወዲያው ገባው። ቅርብ ላይ ልክ፣ ሩቅ ላይ ወደ ጎን፤ ይህን በሽታ በሰው ጠመንጃ ላይ ስንቴ አድኖታል! መነጽሩ ሲታሰር በውስጡ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ከዘመመ፣ ከፍ ባደረጉት ቁጥር ጥይቱን ወደ ጎን ይወስደዋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ይናገር? ሜዳው ላይ ካሉት ጠመንጃዎች ግማሾቹ በእጁ ያለፉ ናቸው፤ ባለቤቶቹም ጆሯቸውን አቁመው ቆመዋል።

«አሰልጣኙ የሚልሽን ስሚ እንጂ» አላት። ከአፉ ሲወጣ ራሱን ጠላ።

«አባዬ፣ እጄንማ አውቀዋለሁ» አለች ልጁ ፊቷ ቀልቶ። ከመሣሪያ ቦርሳው ሲባጎ አወጣች፣ ጫፉ ላይ ከባድ የብሎን ዳዶ አሰረች፣ ወስዳም ወረቀቱ ከተለጠፈበት ምሰሶ ላይ ቀጥ ማለትን የሚያሳይ ቱምቢ አድርጋ አንጠለጠለችው። ከሜዳው ጠባቂ ውሃ ልክ ተውሳ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። ከዚያ ገለል አለችለት።

«መስቀሉ ከሲባጎው ጋር ይገጥም እንደሆነ አንተ እይልኝ። ካንተ ዓይን የማምነው የለም።»

ይህቺ ንግግር ከስድብ ብሳ ገባችበት። ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ አየ። ሲባጎውም ጎብጧል፣ መስቀሉም ጎብጧል፤ ሁለቱም እንደ እርጥብ ገመድ ይጥመለመላሉ። የቱ ቀና፣ የቱ ጠማማ?

«ልክ ነው» አለ፤ የዕድሜ ልክ ልማድ።

እሷም ተክታው አየች። ቶሎ ቀና አላለችም።

«አባዬ... ይሄ እኮ ዘሟል።»

አሰልጣኙ አየ። «ዘሟል ብቻ! እንዴት ይሄ አይታይህም፣ ጋሽ ውሃ ልክ?»

ልጁ አባቷን አየችው፤ ዓይኑን ነው ያየችው። ገብቷታል። ግንባሯ ቅጭም ሲል አንድ ነገር ልትሸፍንለት፣ ጥፋቱን በራሷ ላይ ልትወስድ እንደሆነ አወቀ። ይህንንስ አይችልም።

«እሷ ጋ ጥፋት የለም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዓይኔ ጠፍቷል። ቀጥ ያለው ሁሉ ይጎብጥብኛል። በቅርቡ ያሰርኩላችሁ ሁሉ ይፈተሽ።»

ማንም አልሳቀም። ካቻቢቴውን ለልጁ ሰጣት።

«አንቺ አዙሪው። ልክ ሲሆን ንገሪኝ።»

ብሎኖቹን አላላች፣ መነጽሩን በቀስታ አዞረች፣ ግራና ቀኙን በየተራ አጠበቀች። ቅርብ ባለው ወረቀት ላይ እንደገና አስተካከለች። ከምሳ በኋላ ተራዋ ሲደርስ አባት ከጀርባዋ ቆሞ ሁለቱንም ዓይኑን ጨፈነ፤ ቢገልጣቸውም ያን ያህል ሩቅ አያይም። ተኩሱ ጮኸ። ከዚያ ምንም የለም።

ከሩቅ ብረቱ «ቃ!» አለ።

«ልክ» አለችው ልጁ፣ ከሰደፉ ጉንጯን ሳታነሳ።