ያንኑ ያህል በልተው

በቤተ ሙከራው «እልኸኛዋ» ይሏታል። ሥራዋ አይጦችን በባክቴሪያ እየበከሉ፣ ሰውነታቸው ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይርበት መንገድ እንዴት እንደሚዛባ ማጥናት ነው። ማታ ቤት ስትገባ ታላቅ እህቷ «የአይጥ እናት፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» ትላታለች።

ይህችው እህቷ ድሮ ሳቂታ ነበረች። አባታቸው ሳንባቸውን ታመው ሲተኙ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። እንዲበሉላት በማንኪያ ስትለምናቸው ፊታቸውን እያዞሩባት፣ ቆዳና አጥንት ሆነው አረፉ። በቀብሩ ማግስት አጎታቸው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አፉን ሞልቶ «ወንድሜን በረሃብ ገደለችው» አለ። ምን ዓይነት ምላስ ነው! ከዚያ ወዲህ ቅስሟ ተሰብሮ ሰው ቤት መሄድ ተወች።

የእልኸኛዋ አንጀት ያረረው በዚህ ነው። የታመሙት አይጦቿም ምግብ ይተዋሉ፣ ይከሳሉም። ግን ያከሳቸው ረሃቡ ነው ወይስ በሽታው? ይህን ለመለየት፣ በየጠዋቱ የታመሙት ያስተረፉትን እየመዘነች፣ ጤነኞቹንም ልክ የታመሙት የበሉትን ያህል ብቻ አበላቻቸው። ኃላፊዋ «ይቅርብሽ፣ ጊዜ የለንም» ቢላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አጎቷ ልክ ሆኖ እንዳይገኝ ግን ፈርታ ነበር፤ ፈርታም መዘነች።

ጤነኞቹ በረሃቡ ቀጠኑ፤ በአብዛኛው የቀለጠው ስባቸው ነበር። የታመሙት ግን ያንኑ ያህል በልተው ጡንቻቸው ጭምር አልቋል። ያከሳቸው እንግዲህ ረሃቡ ብቻ አልነበረም።

እሑድ እህቷን እየጎተተች አጎታቸው ቤት ወሰደቻት። የአይጦቹን ውጤት ስትነግረው አጎትየው በር ላይ ቆሞ ሰማና ሳቀ። «ወንድሜን ከአይጥ እኩል ልታደርጊው ነው?»

«አላደርግም፣ ጋሼ። አይጥ ለአባቴ አይመሰክርም። ግን እኔ ለማወቅ መዝኛለሁ። እርስዎ ምን መዝነው ነው የፈረዱት?»

«ሲመነምን ሁሉም አይቷል!»

ይኼኔ እህትየው ከኋላ ወደ ፊት ወጣች። 

«እርስዎ አላዩም፣ ጋሼ። በሽታው ይይዘኛል ብለው ደጃችንን አልረገጡም። አንድ ቀን እንኳ ማንኪያውን ተቀብለውኝ ያውቃሉ?»

 አጎትየው ግቢ አላላትም። እህትየው በጎኑ አልፋ ገባችና፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።