እትዬ መርፌና ማዶ ያለው ኩባንያ

እትዬ መርፌ የሚሏት የስፌት መኪና መለዋወጫ ስለምትሸጥ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። በሰው አገር ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ልብስ ሰፊ የሆነ የአገሯ ልጅ ሁሉ ደንበኛዋ ነው። መኪናው የቆመበት ይደውልላታል፤ መካኒኩ ባሏ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከች ይላል።

ታዲያ የስፌት መኪናና መርፌ የሚሸጥ አንድ የውጭ ኩባንያ መጥቶ ፊት ለፊቷ ባለመስታወት ሱቅ ከፈተ። ዋጋው ደግሞ ርካሽ! ደንበኞቿ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ማዶ መሻገር ጀመሩ። እሷም ፈራች፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እንቅልፍ አጣች።

«ሱቁ ከተዘጋ ምን ይውጠናል?» አለችው ባሏን።

«እኔማ ጡረታ እወጣለሁ።»

«ወሬኛ!»

ኩባንያውም ብልጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ዝምድና ይወዳሉ ሲባል ሰምቶ፣ ሻጮቹን ቋንቋቸውን አስጠንቶ፣ ሴቱን ሁሉ «እማማ» በሉ አላቸው። አይ ዝምድና! መጀመሪያ «እማማ» የተባለችው የእትዬ መርፌ ደንበኛ የነበረች አንዲት መጋረጃ ሰፊ ሆነች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ከቆመ ስንት ዘመኑ!

«እማማ? እኔን?» እያለች መንገዱን አቋርጣ ወደ እትዬ መርፌ ሱቅ መጣች። «እማማ አያቱን ይበል! ደግሞ መኪናው ቢበላሽ ማን ይመጣል ስለው አፉን ከፍቶ ያየኛል። ለዚህ እኮ ነው መርፌውን እንጂ መኪናውን ማንም የማይገዛው።»

እትዬ መርፌ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ግን ሳቅ ኪራይ አይከፍልም። ሹራቧን ደረበችና ወደ ማዶ ተሻገረች።

ሥራ አስኪያጁም ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነው። የስፌት መኪኖቹ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል።

«ስማኝ ወንድሜ» አለችው፤ «መርፌውን በጅምላ ዋጋ ስጠኝ። መኪኖችህን እኔ እሸጥልሃለሁ፣ ባሌ ይጠግናቸዋል።»

«ተወዳዳሪዎች ነን እኮ፣ እመቤቴ።»

«ምን ተወዳዳሪ ነን፣ ጎረቤት ነን እንጂ! ሁለታችንም ለዚህ አገር እንግዳ ነን። ለመሆኑ ብትታመም ማን ይጠይቅሃል?»

ሰውየው አሰብ አደረገ። «ኩባንያው አበባ ይልካል።»

«ውይ በሞትኩት! አበባ ይበላል እንዴ?»

ሳቁ አመለጠው። አለቆቹን ጠይቆ በሳምንቱ እሺ አለ፤ እሷም ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

ዕቃው የመጣ ቀን ባሏ ከጥገና ሲመለስ የሱቁ በር ተዘግቶ አገኘው። ገፋው፤ ወይ ፍንክች!

«ምነው፣ ዘጋሽው እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«ካርቶኑ ነው የዘጋብኝ!» አለች ከውስጥ። «መውጫ አጥቻለሁ፤ ቆመህ ከምታወራ በደንብ ግፋው!»